ዝምታው ፀባዩ አልነበረም

ቅዳሜ ማታ፣ ሐዋሳ

ልጄ ሹራቡን አያወልቅም። መጋቢት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ ግን እጅጌውን እስከ ጣቶቹ ስቦ፣ በላብ ተጠምቆ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። ስጠይቀው "ይበርደኛል" ይለኛል። ትናንት ላጥበው ሳነሳው የግራው እጅጌ ጫፍ ተተልትሎ አገኘሁት። በጥርሱ ሲያኝከው ነው የዋለው፤ ክሩ ገና እርጥብ ነበር።

ዛሬ ዓሳ እንብላ ብዬ አሞራ ገደል ወሰድኩት። አልበላም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለዓሳ ትርፍራፊ ሲሻሙ ሲያይ ቆየና፣ ፊቱን ሳያዞር "እማዬ፣ ሸምበቆ ነው የሚሉኝ" አለኝ።

ከመስከረም ጀምሮ ነው። ሁለት ልጆች በየጠዋቱ ክንዱን በጣቶቻቸው ቀለበት ሠርተው ይለኩታል፤ ዛሬ ስንት ቀጠነ እያሉ። ክፍሉ ይስቃል። መጀመሪያ ይመልስላቸው ነበር። መልሱ ይበልጥ ሲያስቃቸው ተወው። ከዚያ በክፍል ውስጥ እጅ ማውጣቱንም ተወ።

ጎረቤቶቼ "ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም" ሲሉኝ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ በልጄ ቁስል ተመሰገንኩ። አምና እኮ ኳስ ጨዋታ እንደ ጋዜጠኛ እየተረከ ቤቱን የሚያናውጥ ልጅ ነበር! ዝምተኛ ሆኖ የሚወለድ፣ በዝምታውም ደስ ብሎት የሚኖር ልጅ አለ። የእኔ ልጅ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ዝም ያሰኙት ናቸው። ይህን ከማንም በፊት ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እህቴ በስልክ "የልጆች ጨዋታ ነው፣ ያልፋል" አለችኝ። አልተቀበልኳትም። ጉልበተኝነትን ለዓመታት ያጠናው ዳን ኦልዌውስ ከጨዋታ የለየው በሦስት ነገሮች ነው፦ ሆን ተብሎ ሲደረግ፣ ሲደጋገም፣ ተጠቂው ራሱን መከላከል ሲያቅተው። ሦስቱም ልጄ ላይ አሉ። እሱ ይሠራባት በነበረችው ኖርዌይ በ1983 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ዘመቻ የተጀመረው ሦስት ወንድ ልጆች ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ ነበር። እስኪያልፍ የሚጠብቅ አንጀት የለኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ "ሰኞ ስም ጠሪህን አነጋግራለሁ" አልኩት። ብዙ ዝም አለ። እምቢ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር።

"በእረፍት ሰዓት ግን አትምጪ" አለ። "ያዩሻል።"

ከደወል በፊት እሄዳለሁ።