ለእናቴ ጉልበት ሙቅ ውሃ ፍለጋ

ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ የገባነው እናቴን ለጉልበቷ ሕክምና ላመላልሳት ነበር። ለአንድ ሳምንት የተከራየሁት ቤት ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ቀበና ነው። የመረጥኩት በረንዳው ላይ ሶኬት ላይ የሚሰካ የሙቅ ውሃ ገንዳ ስላለው ነው። እናቴ ገና ስታየው «ፍል ውሃ ቤታችን ድረስ መጣ!» አለች። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያስወረዳቸውን ፍል ውሃ የምታሞቀው መሬት ናት፤ ይህን ገንዳ የሚያሞቀው ግን የቤቱ ሽቦ ነው።

የገንዳው ጽሑፍ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 2000 ዋት ይላል። ከአገራችን መብራት ጋር ይስማማል፤ የሚስበውም 9 አምፔር ገደማ ነው። 800 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ ግን 18.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሙቀት ባይባክን እንኳን ከ9 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሰክተን ተኛን።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሠራተኛዋ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ሰካች። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መብራቱ ጠፋ። ዘበኛው ብሬከሩን መለሱት፤ ወዲያው ወረደ። ሊደግሙት ሲሉ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቆዩ» ብዬ የገንዳውን ገመድ ተከትዬ ሄድኩ። በማከፋፈያ ተቀጥሎ ወጥ ቤት ገብቷል፤ መሰኪያው እጅ ያቃጥላል። ምጣዱ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ 25 አምፔር ሆኑ፤ ብሬከሩ ደግሞ ባለ 20 ነው።

ዘበኛው «ከፍ ያለ ብሬከር እናስገባ» አሉ። አጥብቄ ተቃወምኩ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ እሱን ብቻ አሳድገን ሽቦውን ከተውነው፣ መብራቱ በመጥፋት ፋንታ ሽቦው ይነዳል።

የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን ሲፈታው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ የለውም። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እናቴ ልትገባበት የነበረ ውሃ ነው! የቤቱን ባለቤት በስልክ አስፈቅደን፣ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለገንዳው ብቻ ዘረጋ። የራሱን ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሰጠው፤ የመሬቱን ሽቦ ግቢው ውስጥ ከቀበረው ዘንግ ጋር አገናኘ። ሶኬቱንም ከውሃው እጅ ከማይደርስበት ቦታ ተከለው። በመጨረሻም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ የሚቆርጥ መሣሪያ ገጠመ። መሞከሪያ ቁልፉን ሲጫነው ቀጭ ብሎ ቆረጠ።

«እማማ፣ ይህ ካልቆረጠ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ» አላት።

«እሺ ልጄ፣ ተባረክ።»

የቤቱ ዋና መስመርም ገደብ ስላለው፣ እንጀራ ሲጋገር ገንዳው እንዲጠፋ ከሠራተኛዋ ጋር ተስማማን። በማግስቱ ምሽት እናቴ ነጠላዋን ወንበር ላይ አኖረች፣ ጉልበቷን ይዛ ገንዳው አጠገብ ቆመች። እጄን ዘርግቼ ላስገባት ስል አልተንቀሳቀሰችም።

«መጀመሪያ ያቺን ቁልፍ ተጫናት» አለችኝ።