ሳንቲም ፍለጋ በአቃቂ ግቢዎች

መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን ማሽን፣ ዲቴክተሩን፣ የሰጠኝ ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ ከርሞ የተመለሰው የአክስቴ ልጅ ነው። እኔ ግን ወርቅ አልነበረም ያማረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አሮጌ ገንዘብ እወዳለሁ። አቃቂ ደግሞ የድሮ ሰፈር ነው። በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር በእኛ በኩል ነው ያለፈው። ስንት መንገደኛ፣ ስንት ገበያተኛ እዚህ ሳንቲም ጥሎ ይሆን እያልኩ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የቤተሰቦቼን ግቢ ነው ያሰስኩት። ቀኑን ሙሉ ያገኘሁት ቆርኪ፣ ምስማርና የሽቦ ቁራጭ ነው። ወደ ቆርቆሮው አጥር ስጠጋ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ከአጥሩ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ስል ተረጋጋ። ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

በማግስቱ አንድ የመዳብ አምስት ሳንቲም ወጣልኝ። አንበሳው ይታያል፣ ላዩ አረንጓዴ ሆኗል። በደስታ ወደ ቤት ይዤው ገባሁና በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። አበራ፤ ግን የጃንሆይ ፊትም የአንበሳው ጋማም አብሮ ጠፋ። ዛሬም ሳየው ያመኛል። አሁን በንጹሕ ውኃ ብቻ አለቀልቃለሁ፣ በጨርቅ እንኳ አላሽም።

ዓመተ ምሕረቱም አታሎኝ ነበር። ሳንቲሙ ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ይላል። በ1936 የወደቀ መስሎኝ ነበር። ለካ በዚያው ዓመተ ምሕረት ለብዙ ዓመታት ሲታተም ኖሯል። ጠገራ ብርም እንዲሁ ነው፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም 1780 እያለ መታተሙን ቀጥሏል። ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ "ይህ ግቢ ይህን ያህል ዕድሜ አለው" ማለት አይቻልም።

አፈሩን ሳላነሳ አላልፍም። የእኛ አካባቢ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ሳንቲም እዚያ ውስጥ ከገባ ወደ ታች ይወርዳል፣ ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ ይዘጋበታል። በየካቲት ስፈልግ አፈሩ እንደ ድንጋይ ነበር፣ ቢላዬም ተሰበረ። በሐምሌ ጭቃው ጫማዬን ነጠቀኝ። የተመቸኝ ጥቅምት ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ድምፁ ይጠራል፣ ቁፋሮውም ይቀላል። ሣሩን በሦስት ጎኑ ብቻ ቆርጬ እንደ ክዳን እገለብጠዋለሁ። አፈሩን ጆንያ ላይ አወጣለሁ፣ ስጨርስ መልሼ ደፍኜ እረግጠዋለሁ። ውኃ ካጠጡት ሣሩ አይደርቅም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰው ነው። ማሽኑን ያየ ሁሉ "ጣሊያን የቀበረውን ወርቅ አገኘኸው?" ይለኛል። አንዴ አንድ ጎረቤት ሌሊት መጥቼ የምቆፍር መስሎት የሰፈር ሽማግሌ ጠርቶብኛል። አልፈረድኩበትም፤ ሳልነግረው ነበር ከአጥሩ ሥር የቆፈርኩት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ማሽኑን ቤት ትቼ ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ቡና ተጠጥቶ፣ የሚገኘው የማን እንደሚሆን ተነጋግረን ነው ማሽኑን የማመጣው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብና ፍርስራሽ ባለበት አልነካም። ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ አንብቤዋለሁ። ቀለህ ሲወጣም እጠነቀቃለሁ። ቀለህ ካለ ያልተተኮሰ ጥይት፣ ከዚያም የከፋ ነገር ሊኖር ይችላል። እዚያው ትቼ ለፖሊስ እናገራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ግቢ ሄድኩ። ሁለት ቅዳሜ የግቢውን መሐል አሰስኩ፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቡና እየቀዱልኝ፣

"ልጄ፣ እዚያ ምን ትፈልጋለህ? እዚያ እኮ የከብት በረት ነበር" አሉኝ።

"እማማ፣ ሰው የት ነበር የሚቀመጠው?"

"እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። ጠጪው እዚያ ኮባው ሥር፣ መደቡ ላይ ነው የሚቀመጠው።"

መደቡ ፈርሶ ጠፍቷል። ኮባው ግን አለ። በአንድ ከሰዓት አራት የመዳብ ሳንቲም ወጣ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ አጭር፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከአንድ ስንዝር በታች ከጥፍሬ ትንሽ የሚተልቅ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። የምኒልክ ግርሽ፣ ያቺ ትንሽ የብር ገንዘብ! ዘውዱም አንበሳውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እጄ ተንቀጠቀጠ።

እማማ መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። "እናቴ ቆጥራው ይሆናል" አሉ። ሰኞ አብረን ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሄደን ልናሳይ ተስማማን። እስከዚያው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።