ያለ ብረት የድንጋይ ዶቃ መብሳት፦ ከአማዞን ሕዝቦች ዘዴ የተማርኩት

ብረት ያልነበራቸው የአማዞን ሕዝቦች ጠንካራ ድንጋይ እንዴት ይበሱ እንደነበር በእጄ ሠርቼ ለመረዳት የጀመርኩት ልምምድ ከሳሙና ድንጋይ አልፎ ኳርትዝ ላይ ስለደረሰ፣ እስካሁን የገባኝን ለእናንተ ለሙያ አጋሮቼ አካፍላለሁ።

መነሻ የሆነኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1852 በአማዞን የቆየው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ በዋውፔስ ወንዝ ዳር ስላየው ጌጥ የጻፈው ነው። ወንዶቹ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ ከ4 እስከ 8 ኢንች የሚረዝምና 1 ኢንች ያህል የሚወፍር ድቡልቡል ዘንግ ሲሆን፣ የሚበሱትም በትልቅ የዱር ሙዝ ሹል የቅጠል ቡቃያ፣ በደቃቅ አሸዋና በጥቂት ውሃ እንደሆነ ተነግሮታል። የአለቃው ድንጋይ ግን ደረት ላይ አግድም ስለሚውል ቀዳዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ የሁለት ሰው ዕድሜ ይፈጃል ተብሏል።

ኳርትዝን ከሞከርኩ ወዲህ ይህ አባባል ማጋነን አይመስለኝም። ማዕድናትን ከ1 (በጣም ለስላሳ) እስከ 10 (በጣም ጠንካራ) በሚያስቀምጠው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው፤ ተራ አሸዋም በአብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ አሸዋው ድንጋዩን የሚበላውን ያህል ራሱም ይደቅቃል። የሳሙና ድንጋይ ግን ዋና ማዕድኑ ታልክ፣ ጥንካሬውም 1 በመሆኑ በቶሎ ይበሳል።

የምጠቀመው ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ነው። ለስላሳ መሆኑ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ምክንያቱም የአሸዋው ቅንጣት ጫፉ ላይ ተሰክቶ ስለሚያዝ፣ ድንጋዩን የሚፍቀው አሸዋው እንጂ ዘንጉ አይደለም። ዘንጉን በመዳፎቻችሁ መካከል ስታሽከረክሩ ድምፁን አዳምጡ፦ አሸዋው ስለታም እያለ ጥርት ብሎ ይንቋቋል፣ ሲደቅቅ ይታፈናል፤ ያን ጊዜ ወተት የመሰለውን ጭቃ ጠርጋችሁ አዲስ አሸዋ ጨምሩ። ግማሽ ላይ ስትደርሱም ድንጋዩን ገልብጣችሁ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ፤ እንዲህ ሲሆን አፉ እንዳይሸረፍ ይረዳል፣ ቀዳዳውም ሁለት አፉ የሰፋና መካከሉ የጠበበ ይሆናል። በጥንታዊ ዶቃዎች ውስጥ የሚታየው ይኸው ቅርጽና በግድግዳው ላይ የሚዞረው ጭረት ለአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የአሠራሩ ማስረጃ ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ በታችኛው አማዞን፣ በታፓዦስና በትሮምቤታስ ወንዞች አካባቢ ከአረንጓዴ ድንጋይ ይሠሩ የነበሩትን ሙይራኪታ የተባሉ የእንቁራሪት ቅርጽ ጌጦች መከተል ነው። መጀመሪያ በሳሙና ድንጋይ ቅርጹን አውጥቼ ቀዳዳውን ከጎን ወደ ጀርባ አግድም ለመብሳት እሞክራለሁ።