ስለ ስቲቭ ኪንሰርና ስለ አፈር ሜዳው

ከዴ ሞይን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ ኖክስቪል የምትባል፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ ከነዋሪዎቿ ቁጥር በብዙ የሚበልጥ ሕዝብ ለአራት ቀናት ይጎርፍባታል፤ ከ1961 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የስፕሪንት መኪና ውድድር ታላቁ ዝግጅት የሚካሄደው እዚያ፣ ዙሪያው ግማሽ ማይል በሆነ የጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ነውና። ዘንድሮም ሄጄ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ መኪኖች ውድድር ሃያ ጊዜ ሻምፒዮን ስለሆነው ሹፌር ስለ ስቲቭ ኪንሰር አስባለሁ፤ የዚህን ሰው የሥራ ዘመን በደንብ ባወቅሁት መጠን፣ ስለ እርሱ በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ ይበልጥ ያናድደኛል። ጥያቄው «ታዲያ ለምን ናስካር (በአብዛኛው በአስፋልት ላይ በሚካሄደው ታዋቂው የአሜሪካ የመኪና ውድድር) ውስጥ አልሆነለትም?» የሚል ነው።

በቅድሚያ ስለ መኪናው ላስፍር። ስፕሪንት መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሽ የሚቀየርበት ካምቢዮም የለውም። ወደ ሜዳው የሚገባው ከኋላ በሌላ መኪና ተገፍቶ ሲሆን፣ ጥቂት ከተንደረደረ በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሣው። ሹፌሩን ጨምሮ ክብደቱ ከ650 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፤ በሜታኖል የሚሠራው ሞተሩ ግን 900 የፈረስ ጉልበት ያህል ያወጣል። በአናቱ ላይ ሰፊ ክንፍ ተሸክሟል፤ የክንፉ ሥራ ነፋሱን ተጠቅሞ መኪናውን ወደ መሬት መጫን ነው። የኋላው አክስል ዲፍረንሻል ስለሌለው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ፤ የቀኙ ጎማ ከግራው ሆን ተብሎ ስለሚተልቅ መኪናው በራሱ ወደ ግራ መታጠፍ ይፈልጋል። ሹፌሩ ወደ ኩርባው ሲገባ መኪናውን በጎን ያንሸራትተዋል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ አቅጣጫውንም የሚያስተካክለው ከመሪው ይልቅ በነዳጅ መርገጫው ነው።

ይህን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ለአባቴ ልኬለት ነበር። አባቴ በወጣትነቱ በፒስታ መንገድ ላይ ኤንትሬ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ካየው በኋላ ደውሎ «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ፍሬን የሚይዘው መቼ ነው?» አለኝ። እምብዛም እንደማይዝ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «ልክ ነው፤ በረጠበ ዋልካ ላይ ፍሬን ጠላት ነው» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገረ። ስለዚህ ስፖርት ከጋዜጠኞች ከሰማሁት ብዙ ነገር ይልቅ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የጠቀመችኝ ይመስለኛል።

የሙያው ምሥጢር ያለው አፈሩ ላይ ነውና። አመሻሽ ላይ ቦቴዎች ሜዳውን ሲያጠጡት አፈሩ ጎማን አጥብቆ ይይዛል፤ በዚያን ሰዓት የሚያሸንፈው ሞተሩ ብርቱ የሆነ ነው። ማጣሪያዎቹ ሲካሄዱ እርጥበቱ ይጠፋል፤ የውስጠኛው መስመር እየጠቆረ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ የተፈናቀለው አፈር ወደ ላይኛው ጠርዝ ተገፍቶ ዝቅተኛ እርከን ይሠራል። የመጨረሻው ውድድር ሲደርስ፣ ምሽቱን የጀመሩበት ሜዳ የለም ማለት ይቻላል። ሹፌሩ ከዚያች እርከን ላይ የቀኝ የኋላ ጎማውን አስደግፎ በዳር በኩል መክነፍ ወይም ከታች በተረፈችው ጥቂት እርጥበት ላይ በትዕግሥት መሄድ ይኖርበታል፤ በየዙሩም ውሳኔውን መለወጥ ሊኖርበት ይችላል፤ አንዱ ዙር ደግሞ 15 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በጠበቀ አስፋልት ላይ የተማረ ሰው ይህን ንባብ በአንድ ወቅት አያገኘውም።

ኪንሰር ያገኘው በልጅነቱ ነው። የተወለደው በ1954 በኢንዲያና ግዛት ሲሆን፣ አባቱ ቦብ ኪንሰርም በዚያው አካባቢ የአፈር ሜዳዎች ላይ የታወቀ ተወዳዳሪ ነበር። በ1978 ቴድ ጆንሰን የተባለ አዘጋጅ በየግዛቱ ተበታትነው የነበሩትን ውድድሮች አሰባስቦ «ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ» የሚባለውን ተጓዥ ማኅበር ሲመሠርት፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሻምፒዮና የወሰደው ኪንሰር ነው። ከዚያ በኋላ 19 ጊዜ ደግሞታል፤ የመጨረሻው በ2005፣ በ51 ዓመቱ ነበር። በዚህ ማኅበር ውድድሮች ብቻ 577 ጊዜ አሸንፏል፤ የኖክስቪሉን ታላቅ ውድድር ከ1980 እስከ 2002 ባለው ጊዜ 12 ጊዜ ወስዷል።

በቁጥሮቹ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የሻምፒዮናዎቹ አከፋፈል ነው። የመጀመሪያዎቹን 14 ያገኘው የመኪናው ባለቤትና ዋና መካኒክ ከሆነው ዘመዱ ከካርል ኪንሰር ጋር ነው። ካርል ሞተሩን ራሱ እየፈታ የሚገጥም፣ ለወሬ ጊዜ የሌለው ሰው እንደነበር ይነገራል፤ የሹፌሩን ዝና ግማሽ ያህል ለእርሱ የሚሰጡም አሉ። በ1994 መጨረሻ ሁለቱ ተለያዩ፤ ስቲቭ ወደ ናስካር ሄደ፤ ካርል ደግሞ መኪናውን ለልጁ ለማርክ ሰጠ፤ ማርክም በ1996ና በ1999 ሻምፒዮን ሆነበት። ይህን ያየ ሰው «ለካስ ዋናው መኪናው ነበር» ቢል አልፈርድበትም፤ ወሬው በዚያ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እንዲሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን ስቲቭ ተመልሶ የራሱን ቡድን አቋቋመና ስድስት ሻምፒዮናዎችን ጨመረ። እኔ ከሃያዎቹ ውስጥ የማከብረው እነዚያን ስድስቱን ነው፤ ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ፣ ደመወዝ ከፋይም መኪና ነጂም ሆኖ፣ ከቀድሞ ቤቱ ሰዎች ጋር እየተፎካከረ ያገኛቸው ናቸውና።

ወደዚያ ጥያቄ ልመለስ። በ1995 ኪንሰር በኬኒ በርንስታይን ቡድን ውስጥ የናስካርን ዋና ምድብ ጀመረ፤ አምስት ውድድር ብቻ ከተወዳደረ በኋላም ቡድኑና እርሱ ተለያዩ። በአስፋልት ላይ የሚሮጥ ከባድ መኪና ከኋላ እንዳይንሸራተት አጥብቆ መያዝን ይጠይቃል፤ እርሱ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረው መንሸራተቱን እየፈለገ ነው። መንዳት አያውቅም እንዳይባል፣ ከአንድ ዓመት በፊት በታላዴጋ አስፋልት ላይ፣ የልዩ ልዩ ውድድሮች ሻምፒዮኖች በተመሳሳይ መኪና በሚጋጠሙበት ውድድር አሸንፏል፤ በ1997ም ኢንዲያናፖሊስ 500 በሚባለው ዝነኛ የአስፋልት ውድድር ገብቶ 14ኛ ሆኗል። ሆኖም ብዙ ሰው አምስቱን ውድድሮች እንደ ፍርድ፣ 577ቱን ድሎች ደግሞ እንደ መንደር ገድል ይቆጥራቸዋል። ይህ ሚዛን የተሠራው፣ እንደ እኔ ግምት፣ በቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ናስካር ላይኛው ደረጃ የሆነው ብዙ ስለሚከፈልበትና ብዙ ስለሚታይ እንጂ፣ የአፈር ሜዳ ሹፌር የሚያውቀውን ሁሉ አውቆ ተጨማሪ ስለሚጠይቅ አይደለም።

ደግሞ ይህ ሙያ የሚኖረው በተራ ምሽቶች ነው። የማኅበሩ ተወዳዳሪዎች ከየካቲት እስከ ኅዳር በመላ አሜሪካ ይዞራሉ፤ ማታ ይወዳደራሉ፤ ሌሊት መኪናውን አጥበው በተጎታቹ ይጭናሉ፤ በማግሥቱ ሌላ ግዛት ይደርሳሉ። የአንዳንዱ ምሽት ተመልካች ከአንድ ትልቅ ሰርግ እድምተኛ አይበልጥም። ድካሙን ለማሳየት ብራያን ክላውሰን የተባለው ወጣት በቂ ይመስለኛል፦ በ2016 በአንድ ዓመት ውስጥ 200 ጊዜ ለመወዳደር ተነሥቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ 500ን ቀን ላይ ተወዳድሮ፣ በዚያው ምሽት ኮኮሞ በሚባለው የአፈር ሜዳ አሸነፈ። በነሐሴ ወር በካንሳስ ግዛት ቤልቪል ሜዳ ላይ መኪናው ተገልብጦ በ27 ዓመቱ ሞተ። ስለ ውድድሩ ደስታ በምጽፍበት ማስታወሻ ላይ ስሙን መዝለል አልቻልሁም፤ ክንፉም ሆነ ሹፌሩን የሚከበው የብረት ቅርጫት ሁልጊዜ እንደማያድን ተመልካቹም ሹፌሩም ያውቃሉና።

ኪንሰር ግን ከዚህ ሁሉ ምሽት ተርፎ፣ በ2014 በ60 ዓመቱ የሙሉ ጊዜ ጉዞውን አቆመ። ከዚያ በፊት፣ በ2005፣ ልጁ ክሬግ የኖክስቪሉን ታላቅ ውድድር ሲያሸንፍ አባትየው በዚያው ሜዳ ተፎካካሪ ነበር። ከስቲቭ በኋላ የመጣው ሹፌር ዶኒ ሻትዝ ያንኑ ውድድር እስካሁን 11 ጊዜ ወስዷል፤ አንድ ቢጨምር ከስቲቭ ጋር ይስተካከላል። ኖክስቪል ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህ እንዳይሆን ሲጸልዩ እንደከረሙ አጫውተውኛል። እኔ ግን ቢሆን አይከፋኝም፤ ሻትዝም ስሙን ያቆመው በአፈሩ ላይ ነውና።