በቀን አስር ጊዜ የሚረሳው ሰውዬ

ትናንት ማታ ደብተሬን ከፍቼ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳልጽፍ ተቀመጥኩ። ይህን ልቦለድ ከጀመርኩት ሁለት ዓመት አልፎኛል። ታሪኩ በተራው ሰው መሃል ተደብቀው ስለሚኖሩ አስማተኞች ነው። አንዲት ልጅ ታገኛቸዋለች፣ ከእነሱ አንዷ መሆኗንም ታውቃለች፣ ከዚያ በኋላ ሕይወቷ እንደ ድሮው አይሆንም። አስማቱን በደንብ አውቀዋለሁ። ማን ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰውን ምን ያህል እንደሚያደክም፣ አርባ ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለውን ያሳየችኝ ታናሽ እህቴ ናት። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሰጠኋት፣ በሁለት ቀን አንብባ ጨረሰች። ስለ አስማቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሠርተው ነው የሚበሉት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጠለች፦ «ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም አላወቃቸውም ብለሃል። አንድ ቀን አንዱ ሰክሮ መንገድ ላይ ቢበርስ? ያን ቀን ማነው ሮጦ የሚሄደው? ደሞዝ አለው?»

ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ስለዚህ በልጅነቴ የወደድኳቸውን መጻሕፍት መልሼ አወጣሁ። በዚህኛው ዙር ግን ጀግናውን ትቼ ከጀርባ የሚሠሩትን ሰዎች ተከተልኩ። የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን፣ ገንዘብ የሚመነዝሩትን፣ በር ላይ የቆሙትን።

በሃሪ ፖተር ጀመርኩ፣ እንደኔ ያለ አንባቢ ሌላ ከየት ይጀምራል። እዚያ ዓለም ውስጥ አስማተኞች የሚደበቁት ሕግ ስላለ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1689 ተፈርሞ በ1692 ጸና ይላል ታሪኩ። ደራሲዋ ቀኑን እንዲሁ የመረጠችው አይመስለኝም። 1692 በእውነተኛው ታሪክ አሜሪካ ውስጥ ሴለም በምትባል ቦታ የጥንቆላ ክስ የተጀመረበት ዓመት ነው። እዚያ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተሰቅለዋል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ጥፋተኛ ነኝም አይደለሁምም አልልም» ብሎ ዝም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞቷል። የሞቱት አስማተኞች አልነበሩም፣ ተራ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳስብ መደበቁ እንደ ጨዋታ አልታየኝም። ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። የኔ ልቦለድ ውስጥ ሰዎቹ ለምን እንደተደበቁ አንድ መስመር እንኳን አልነበረም፤ መደበቅ ደስ ስለሚል ብቻ የተደበቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ የእህቴ ጥያቄ፣ መብላት። እዚያ ዓለም አስማት ምግብን ከባዶ መፍጠር አይችልም። ያለውን ማብዛት ይቻላል፣ የት እንዳለ ካወቅህ መጥራት ይቻላል፣ ከምንም ግን አይመጣም። ትንሽ ሕግ ትመስላለች፣ ግን ሁሉን ነገር ያቆመችው እሷ ናት። ምግብ ከባዶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ማንም ሥራ አይፈልግም ነበር፣ ሱቅም ገንዘብም ድሃም አይኖርም ነበር። ገንዘባቸው ደግሞ የራሳቸው ነው፦ 1 ጋሊየን 17 ሲክል፣ 1 ሲክል 29 ክነት። አባዝቼ አየሁት፣ 1 ጋሊየን 493 ክነት ይሆናል። ለምን እንዲህ የማይመች ቁጥር? እኔ እንደመሰለኝ የማይመች መሆኑ ራሱ ድንበር ነው። እዚያ ያደገ ልጅ በቃሉ ይዘረዝረዋል፣ ከውጭ የመጣው ግን መልስ ሲቀበል ጣቱን ይቆጥራል። ባዕድ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

አንድ ቦታ ላይ የሃሪ ጓደኛ የሄርማየኒ ወላጆች ባንክ ቤቱ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። አስማት የሌላቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጃቸው ግን አስማተኛ ናት። እጃቸው ላይ ፓውንድ ይዘዋል፣ ሊመነዝሩት። በልጅነቴ ይህን ሳነብ አልፌው ነበር። አሁን ግን ቆምኩበት። የተደበቀው ማኅበረሰብ ከውጭው ዓለም ጋር የተሰፋበት ስፌት እዚህ ነው፤ ሁለት ወላጆች በማያውቁት ገንዘብ ለልጃቸው መጽሐፍ ሊገዙ ተሰልፈዋል።



ከሁሉ በላይ ያቆመኝ አራተኛው መጽሐፍ ነው። በመጥረጊያ እየበረሩ የሚጫወቱት የኩዊዲች ጨዋታ የዓለም ዋንጫ አለ፣ መቶ ሺህ አስማተኛ አንድ ቦታ ሊሰበሰብ ነው። አስበው፣ መቶ ሺህ ሰው ማንም ሳያይ። አምስት መቶ ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ሲለፉ ከርመዋል። ሰዎቹን የሚያደርሱ ሁለት መቶ አስማታዊ ዕቃዎች በአገሩ ሁሉ ተበትነዋል፤ ተራ ሰው ረግጦ የሚያልፋቸው ያረጁ ጫማዎች፣ ቆሻሻ የሚመስሉ ነገሮች። ርካሽ ትኬት የገዙት ሁለት ሳምንት ቀድመው እንዲመጡ ተደርጓል። ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ሎጂስቲክስ ነው! አስማቱ ጨዋታው ላይ ነው፣ መደበቁ ግን የጊዜ ሰሌዳና ተራ አስከባሪ ነው የሚጠይቀው።

እና አቶ ሮበርትስ አለ።

አቶ ሮበርትስ የድንኳን ማረፊያው ኃላፊ ነው፣ አስማት የሌለው ሰው። ቤተሰቡ ከሱ ጋር ነው የሚኖረው። መቼም ሞኝ አይደለም። ሰው በዝቷል፣ አለባበሱ ግራ ነው፣ ሁለት ሰዎች ትልልቅ የወርቅ ሳንቲም ሊሰጡት ሞክረዋል። ይህን ለእንግዶቹ መናገር ይጀምራል። ያኔ አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ከጎኑ ብቅ ይልና በትሩን ይቀስርበታል። የሰውዬው ዓይን ይፈዝዛል፣ የተኮማተረው ግንባሩ ይፈታል፣ ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ይጠፋል። ካርታውን ለእንግዶቹ ይሰጣል፣ የገንዘቡንም መልስ ይሰጣቸዋል። የሚያስረሳው ሠራተኛ ጢሙን ያልተላጨ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። በቀን አስር ጊዜ ካላስረሳነው አይሆንልንም ብሎ ያማርራል።

አስር ጊዜ። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌው ነበር። ሰውዬው ትክክል ነው እኮ! ያየው ነገር እውነት ነው፣ የጠረጠረውም ልክ ነው፣ በቀን አስር ጊዜ ትክክል ይሆናል፣ አስር ጊዜም ይወሰድበታል። በዚያው ሌሊት ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች እሱን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አየር ላይ አንጠልጥለው ያሰቃዩአቸዋል። ጠዋት ያንንም ያስረሷቸዋል። እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ ሮበርትስ ፈዝዞ እጁን እያወዛወዘ «መልካም ገና» ይላቸዋል። ወሩ ነሐሴ ነው።

እኔ ለዚህ ሰውዬ አዘንኩ፣ በጣም። ያ ማኅበረሰብ ተደብቆ የሚኖረው በግድግዳ ወይም በጭጋግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚኖረው በሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የምስጢሩን ዋጋ የሚከፍሉት ምስጢሩን የማያውቁት ናቸው፣ እንደከፈሉም አያውቁም። ደረሰኝ እንኳን አይሰጣቸውም። ደግሞ የሚያስረሱት ሰዎች ክፉ አይደሉም። አንድ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት አላቸው፣ ጎረቤት ክፍል ውስጥ ደግሞ ለተራው ሰው የሚነገር ምክንያት የሚፈልግ ኮሚቴ አለ። ደክሟቸዋል፣ ቤታቸው መሄድ ይፈልጋሉ። ልቤን የሚነካው ይሄ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሰው ቀን ይወስድና አመሻሽ ላይ ፈርሞ ይወጣል።

ከዚያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄድኩ። እውነተኛ ምስጢራዊ ማኅበር እንዴት ይሠራል ብዬ ስፈልግ እ.ኤ.አ. በ1614 ካሰል በምትባል የጀርመን ከተማ የታተመች አንዲት አነስተኛ ጽሑፍ አገኘሁ። ስለ ሮዝክሩሽያን ወንድማማችነት የምታወራ ናት። ወንድማማችነቱ በእውነት እንደነበረ ያረጋገጠ ሰው የለም፤ ራሷ ጽሑፏ ልቦለድ ልትሆን ትችላለች። ግን ስድስቱ ደንቦቻቸው ውስጥ የሚገርም ነገር አለ። በሽተኛ መፈወስ እንጂ ሌላ ሥራ አይኑራችሁ፣ ያንንም በነጻ አድርጉት። የተለየ ልብስ አትልበሱ፣ የምትኖሩበትን አገር ልብስ ልበሱ። ምትክ የሚሆናችሁን ሰው ፈልጉ። ማኅበሩ መቶ ዓመት በምስጢር ይቆይ። ሌላኛው ደንብ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ሁላችሁም ተሰብሰቡ፣ መምጣት ያልቻለ ምክንያቱን ጽፎ ይላክ ይላል።

ምክንያቱን ጽፎ ይላክ! ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ዓለምን እንለውጣለን ብለው የተደበቁ ሰዎች፣ ከስድስት ደንባቸው በአንዱ ውስጥ ስለ ቀሪ ሰው አስበዋል። አንዱ ታሞ ይሆናል፣ አንዱ መንገድ ርቆበት ይሆናል። ዝም ካለ ግን ሞቷል ወይስ ከድቷል ብለው ይጨነቃሉ። ያን ደብዳቤ ዓይኔ ላይ አየሁት፦ «ወንድሞቼ፣ ዘንድሮ እግሬ አብጧል»። ከኔ አርባ ገጽ የአስማት ማስታወሻ ይልቅ ይህች አንዲት ደንብ ሕያው ሰዎችን አሳየችኝ።

በሩሲያዊው ሰርጌይ ሉክያኔንኮ «የሌሊት ጥበቃ» ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። የብርሃንና የጨለማ ወገኖች ተዋግተው ተዋግተው ስምምነት ተፈራርመዋል፣ አሁን አንዱ ሌላውን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃል። ደም መጣጭ ለሆኑት ቫምፓየሮች ሰው የማደን ፈቃድ ይሰጣቸዋል፣ በወረቀት። ፈቃዱን የሚፈቅዱት ደግሞ መልካሞቹ ናቸው፣ ጦርነት እንዳይነሳ ብለው። ባለታሪኩ አንቶን ይህን ያውቃል፣ ያንገበግበዋል፣ ግን ጠዋት ተነሥቶ ሥራ ይገባል። እዚህም ከፋዩ ያው ነው፤ ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረው፣ ስለ ስምምነቱ ሰምቶ የማያውቀው ሰው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ አወራኋት። ስለ አቶ ሮበርትስ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ፔቱኒያንስ?» አለችኝ።

ፔቱኒያ የሃሪ አክስት ናት፣ ክፉዋ። ሁላችንም ጠልተናት ነው ያደግነው። ግን የመጨረሻው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ይወጣል፤ ልጅ ሳለች፣ እህቷ ሊሊ ወደ አስማት ትምህርት ቤት ስትጠራ፣ ፔቱኒያ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። እኔንም ውሰዱኝ ብላ። በደግ ቃል የተጻፈ መልስ መጣላት፣ አይሆንም የሚል። ሊሊ ደብዳቤውን አየችው፣ ፔቱኒያም በእፍረት ነደደች። ከዚያ በኋላ እህቷን አስቀያሚ ፍጡር ብላ ጠራቻት።

አቶ ሮበርትስ ቢያንስ ይረሳል። ፔቱኒያን ግን ማንም አላስረሳትም። ዕድሜ ልኳን በሩ እንዳለ ታውቃለች፣ እህቷ በሱ ስትገባ አይታለች፣ እሷ ግን ውጭ ናት። ለማንም መናገርም አትችልም። የተደበቀ ማኅበረሰብ ሁሌም እንዲህ ያለ ሰው ደጁ ላይ ይኖረዋል፣ ልጆቹ ከተራ ቤት እስከመጡ ድረስ። አንዱን ልጅ ወስደህ ሌላውን ስትተው ያ ቤት ምን ይሆናል? ሕጉ ስለዚህ ምንም አይልም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥም ለዚህ የተከፈተ ክፍል የለም።

እህቴ «ያንተዋ ልጅ እህት የላትም?» አለችኝ። የላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፋት ብቸኛ ልጅ አድርጌያት ነበር፣ እንዲያ ቢሆን ይቀላል ብዬ። ማንም አይጠይቃትም፣ ማንንም ትታ አትሄድም።

ስለዚህ ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ዝም ብዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነበር። መጀመሪያ የማስረሳት ሥራ የሚሠራ ሰው ፈጠርኩ፣ ደሞዝ ሰጠሁት፣ የወገብ ሕመም ሰጠሁት። ወደ ልጅቷ ቤት የሚላከው እሱ ነው፣ ቤተሰቡ ልጅቷን እንዲረሳ ሊያደርግ። እናትና አባት ቀላል ናቸው። አሁን የሰጠኋት ታናሽ እህት ግን ከአልጋው ሥር ተደብቃ ሁሉንም ሰምታለች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሲያያት እጇን ዘርግታ አንድ የታጠፈ ወረቀት ትሰጠዋለች። ለእህቴ ስጥልኝ ትለዋለች፣ ከማስረሳትህ በፊት። ወገቡን ይዞ ቀና ይላል፣ ወረቀቱን ኪሱ ይከታል፣ በትሩን ግን ገና አላወጣም።

እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እህቴን ልጠይቃት ነው።