ከረመዳን በፊት የገባው ቱቦ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ፈርሜ ካወጣኋቸው ውጤቶች መካከል ትክክል ሆነው ሳለ ታማሚውን ያልጠቀሙት የትኞቹ ናቸው ብባል፣ አስቀድሜ የማነሣው በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ በነበሩ አንድ አባት ስም የወጡትን ሁለት ወረቀቶች ነው።

እኚህ አባት የሚኖሩት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። የፕሮስቴት እጢያቸው አብጦ ሽንት ስለከለከላቸው፣ የቀዶ ሕክምና ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ፊኛቸው ውስጥ የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ብርድ ብርድ ይላቸውና ያተኩሳቸው ጀመር፤ በአቅራቢያቸው ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዞላቸው ቢወስዱም ስላልተሻላቸው ልጃቸው የሐረጎን ዳገት አስወጥታ ወደ እኛ አመጣቻቸው። ለላቦራቶሪው የደረሰው ብልቃጥና ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የናሙናው ዓይነት በሚለው ቦታ «ሽንት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። ቱቦ እንዳላቸው፣ ናሙናው ከየት እንደተቀዳ የሚናገር ነገር አልነበረበትም፤ እኔም ደውዬ አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ባክቴሪያ በምናበቅልበት ሳህን፣ በፕሌቱ ላይ፣ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በብዛት በቅሎ አገኘሁት። በመድኃኒት ምርመራው ሲፕሮፍሎክሳሲንን የሚቋቋም ሆኖ ሲገኝ፣ ሴፍትሪያክሶን በያዘችው ትንሽ ክብ ወረቀት፣ በዲስኩ፣ ዙሪያ ግን ባክቴሪያው ያልበቀለበት ሰፊና ጥርት ያለ ክብ ወጣ። በየዎርዱ እጅ ቶሎ የሚሄድበት መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን ስለሆነ፣ በምርመራ ተደግፎ ሲታዘዝ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀንም ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። ሰውየው መርፌውን ለሰባት ቀን ተወግተው ትኩሳቱ ስለለቀቃቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

መድኃኒቱን በጨረሱ በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳቱ ተነሥቶባቸው እንደገና መጡ። ሁለተኛው ናሙና ላይ የበቀለው ያው ኢ. ኮላይ ነው፤ መድኃኒቶቹም የሰጡት መልስ አልተለወጠም፤ በሴፍትሪያክሶን ዙሪያ ያለው ክብ እንደ መጀመሪያው ሰፊ ነበር። ውጤቱ ዎርድ እንደደረሰ ወጣቱ ሐኪም ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ይገድለዋል ብላችሁ ነበር፤ ሰጠነው፣ አልሞተም። ዲስካችሁ ጊዜው አልፎበት ይሆን?» አለኝ። በትሕትና ቢጠይቀኝም ቅር አለኝ። ወዲያው ለጥራት ቁጥጥር የምናስቀምጠውን፣ በየአገሩ ላቦራቶሪዎች 25922 በሚለው ቁጥር የሚያውቁትን የኢ. ኮላይ ዝርያ ከታማሚው ባክቴሪያ ጋር ጎን ለጎን ሠራሁት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ደውዬ ነገርሁት፤ ድምፄ ውስጥ ትንሽ የድል ስሜት እንደነበረ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ያ ምርመራ ምን እንደሚለካ በቅጡ ማስረዳት አለብኝ፤ ስሕተቴ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ከፕሌቱ ላይ የበቀለውን ባክቴሪያ በጨው ውሃ እንበጠብጠዋለን፤ ድፍርስነቱን ከተወሰነ ልኬት ጋር እናስተካክላለን፤ ሙለር-ሂንተን በሚባለው ምግብ ላይ በስሱ ቀብተን የመድኃኒቱን ዲስኮች እናስቀምጥበታለን፤ ከዚያ በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት እናቆየዋለን። እንግዲህ መድኃኒቱ የሚገጥመው ትኩስ ምግብ ያገኘ፣ በፍጥነት እየተባዛ ያለ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የተበተነ ባክቴሪያ ነው። በደም ውስጥ ወይም በሽንት ውስጥ እየዋኘ ላለ ባክቴሪያ መልሱ በአብዛኛው ይሠራል። አንድ ገጽ ላይ ተጣብቆ፣ ተደራርቦ፣ ተሸፋፍኖ ስለተቀመጠ ባክቴሪያ ግን ዲስኩ የሚናገረው ነገር የለም። ሐኪሙ የጠየቀኝ ስለ ሁለተኛው ነበር፤ እኔ የምመልስለት ስለ መጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ ጊዜ የመጡት ክረምቱ ገብቶ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ የሆስፒታሉን ግቢ በሸፈነበት በሰኔ ማብቂያ ነው። አሁን ትኩሳቱ ብቻ አልነበረም፤ ቱቦው ተዘግቶ ሽንት አላሳልፍ ስላለ ሆዳቸው ተወጥሮ ነበር። በዚህ ጊዜ በፕሌቶቹ ላይ የበቀለው ባክቴሪያም ሌላ ነው። አንዱ ክሌብሲየላ ሲሆን፣ ሴፍትሪያክሶንንና ብዙዎቹን ዘመዶቹን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫል። ሌላው ፕሮቲየስ ነበር፤ በደም ፕሌት ላይ እንደ ማዕበል እየተደራረበ የሚስፋፋውንና ክዳኑ ሲከፈት የሚከረፋውን ይህን ባክቴሪያ፣ ከእኛ ሙያ ሰው የሚስተው የለም። ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ሳይ ናሙናው እንዴት እንደተቀዳ ለማወቅ ጓንቴን አውልቄ ወደ ዎርድ ወጣሁ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ።

አልጋቸው አጠገብ ሄጄ፣ «አባባ፣ ይህ ቱቦ ከገባልዎ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ከረመዳን በፊት ነው ልጄ» አሉኝ። ልጃቸው ወደኔ ዞር ብላ፣ «ከዚያ ወዲህ አልተነካም ዶክተር፣ አረፋም አለፈ» አለችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ አላረምኋትም። በጣቴ ስቆጥር አራት ወር ሊሞላው ነው። ለረጅም ጊዜ ታስበው የሚሠሩት የሲሊኮን ቱቦዎች እንኳ ከ12 ሳምንት ገደማ በላይ እንዲቆዩ አይመከርም፤ የእሳቸው ደግሞ ተራው የላስቲክ ቱቦ ነበር። ናሙናው የሚቀዳው ከየት እንደሆነ ስጠይቅም፣ ሦስቱንም ጊዜ ከአልጋው ሥር ከተንጠለጠለው ከረጢት ማለትም ሽንት ለሰዓታት ከሚጠራቀምበትና ባክቴሪያ እንደ ልቡ ከሚባዛበት ቦታ እንደተወሰደ ሰማሁ።

የዎርዱ ኃላፊ ሲስተር የዚያን ዕለት ቱቦውን አወጣችው፤ አወጣጡ ለእርሷም ለእሳቸውም ቀላል አልነበረም። እንዳትጥለው ለምኜ በንጹሕ ዕቃ ይዤ ወረድሁና በላቦራቶሪው የመከላከያ ካቢኔት ውስጥ በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅሁት። ሽንት የሚገባበት ዓይኑ ባለበት አካባቢ የሻይ ማፍያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ጠጣር ነገር ቀዳዳውን ደፍኖታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ግድግዳ ደግሞ ሳይታጠብ የከረመ ሮቶ ውስጡን ሲዳስሱት፣ ወይም ቦርከና ውስጥ ያለ ድንጋይ ሲረግጡት የሚያዳልጠውን ዓይነት ልጋግ ለብሷል። ያ ልጋግ ነው ባዮፊልም የሚባለው። የወንዙ ድንጋይም የታንከሩም ግድግዳ የለበሱት ይህንኑ ነው፤ ባክቴሪያ በተፈጥሮ የሚኖረው በአብዛኛው እንዲህ ሆኖ እንጂ በብልቃጥ ውስጥ እየዋኘ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ቱቦው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከሽንት የሚመጡ ፕሮቲኖች የቱቦውን ገጽ ይቀቡታል፤ በእነርሱ ላይ ባክቴሪያ ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ በኋላ ስኳር መሰል ውሁዶችን፣ ፕሮቲንንና የሞቱ ጓደኞቹን ዲኤንኤ ሳይቀር እያዋሐደ ራሱን ይሸፍናል። ቱቦ ከገባላቸው 100 ሰዎች ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ በየቀኑ አዲስ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ወር ሲሞላ ባክቴሪያ የሌለበትን ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። (ስለዚህም ቱቦ ካለው ሰው ሽንት ባክቴሪያ መብቀሉ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ለሌለው ሰው መድኃኒት ማዘዝ ተቋቋሚውን መርጦ ማሳደግ ይሆናል። ይህንንም እኛው በምንልከው ወረቀት እናበረታታዋለን።) ነጩ ጠጣር የፕሮቲየስ ሥራ ነው። ፕሮቲየስ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ ሽንቱ አልካላይን ሲሆን ማግኒዥየምና ፎስፌት እየረጉ ከልጋጉ ጋር ይጋገራሉ።

ያ ለሴፍትሪያክሶን በቀላሉ የሚሞት ኢ. ኮላይ ሰባት ቀን ተወግቶ ለምን እንደተመለሰ የገባኝ ቱቦውን ካየሁ በኋላ ነው። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ተበትኖ ከሚዋኘው ጋር ሲነጻጸር እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ የመድኃኒት መጠን ችሎ ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ መድኃኒት በልጋጉ ውስጥ በቶሎ አያልፍም። ይበልጥ የሚከብደው ግን የታችኛው ንጣፍ ምግብና ኦክስጅን እያጠረው እድገቱን የሚያቆም መሆኑ ነው። ሴፍትሪያክሶን የሚገድለው ባክቴሪያው የራሱን ግድግዳ ሲገነባ በማፋለስ ስለሆነ፣ ግንባታውን ያቆመውን የሚይዝበት ነገር የለውም። ጆሴፍ ቢገር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ስታፊሎኮከስን በፔኒሲሊን ሲፈትን፣ ጥቂቶቹ ሳይሞቱ እንደሚቀሩና እንደገና ሲበቅሉ ልጆቻቸው በዚያው ፔኒሲሊን እንደሚሞቱ አስተውሎ ነበር። የእኛም ኢ. ኮላይ እንዲሁ ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለው ሞተ፣ ትኩሳቱ ለቀቀ፤ በቱቦው ግድግዳ ላይ የተኛው መድኃኒቱ ሲያልቅ ነቅቶ ወረደ። ሁለተኛው ወረቀቴ ላይ ክቡ ያልጠበበው መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ ስላልያዘ ነው፤ ያመለጠው ተኝቶ ነው።

ክሌብሲየላው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርሱ በዘሩ ውስጥ የተጻፈ መቋቋም አለው። ከየት እንደመጣ፣ ከዎርዱ ይሁን ከሰውየው አንጀት፣ መናገር አልችልም። ሆኖም ባክቴሪያ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ልጋግ ውስጥ መቋቋምን የሚሸከሙ ፕላስሚዶች የሚባሉ የዲኤንኤ ቀለበቶች ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፊያ ያገኛሉ፤ የሚመነጨው ኢንዛይምም መድኃኒቱን በመስበር አጠገብ ላለው ጎረቤት ጭምር ይተርፋል። በዚያ ላይ እኛ ሳይቀየር በከረመ ቱቦ ላይ ሁለት ጊዜ መድኃኒት አፍስሰን ደካማውን ጠርገንለታል። በየሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተቋቋመ ባክቴሪያ በቀጥታ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ላይ እንደሞቱ እየጠቀስሁ አስተምር ነበር፤ ቁጥሩን ስናገር ግን በራሴ ብልቃጥ ውስጥ ሲበስል የነበረውን አላየሁትም።

አዲስ ቱቦ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ ከወረደው ሽንት ንጹሕ ናሙና ተወሰደ። ቱቦ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መጀመሪያ መቀየር፣ ከዚያ ከአዲሱ ላይ ናሙና መውሰድ እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ አላውቀውም ነበር ልል አልችልም፣ ለሠልጣኞች ራሴ ያስተማርሁት ነገር ነው። ከአዲሱ ናሙና ፕሮቲየሱ ጠፍቶ ክሌብሲየላው ብቻ በቀለ፤ በሜሮፔነም ይሞታል። መድኃኒቱ በእኛ ፋርማሲ ስላልነበረ ልጃቸው ከውጭ መግዛት ነበረባት፤ ለዚህም ከብት እንደሸጡ ኋላ ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰም። ከወራት በኋላ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላቸው ቱቦው ለዘለቄታው ወጣ።

ያን ጊዜ ከሆስፒታሉ ከመውጣታቸው በፊት ልጃቸው ኮሪደር ላይ አግኝታኝ፣ «ዶክተር፣ ቱቦው መጀመሪያ በመጣን ጊዜ ተቀይሮ ቢሆን ይህ ውድ መድኃኒት ያስፈልገን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። በእርግጠኝነት መናገር እንደማልችል፣ ነገር ግን ላያስፈልግ ይችል እንደነበረ፣ መጠየቅ ከነበረባቸው ሰዎች አንዱም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «አብሽር፣ አባዬ ድኗል» አለችኝና መድኃኒቱን ይዛ ወደ ዎርዱ ገባች።

ወደ ወጣቱ ሐኪምም ሄጄ የተሰነጠቀውን ቱቦ አሳየሁት። ስለ ዲስኩ ያነሣውን ጥርጣሬ አስታውሼው ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን እርሱ ራሱም ካርዱ ላይ ቱቦው የገባበትን ቀን ፈልጎ እንደማያውቅ አመነ። ከዚያ በኋላ ከሲስተር ጋር ሆነን በካልቸር መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አስጨመርን፤ አንዱ «ናሙናው የተቀዳበት ቦታ»፣ ሌላው «ቱቦው የገባበት ቀን» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙዎቹ ወረቀቶች መስመሮቹ ባዶ ሆነው ይመጡ ነበር፤ አሁን አብዛኞቹ ተሞልተው ይመጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ የደረሰኝ አንዱ ግን ቀኑ በሚገባበት ቦታ «አይታወቅም» ይላል። ብልቃጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ደረጃውን ወደ ዎርድ ወጣሁ።