ስድስት ኪሎ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ

በእስራኤሏ የቀይ ባሕር ከተማ በኤላት የእኛ የጠለቃ አስተማሪዎች ከባዱ ሥራ ሰው ማስጠም ነው። እንግዳው የእርሳስ ክብደት ታጥቆ፣ የአየር ሲሊንደር አዝሎ፣ «ውረድ» ሲባል ባሕሩ አልቀበልም ይለዋል። እሱም ይቀየመኛል።

ሰሞኑን የገጠሙኝ ጋሼ ግን ይለያሉ። ከጀርመን ዘመድ ጥየቃ መጥተው ነው። ፈቃድ አላቸው፣ የሚጠልቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ነው። እዚህ አገር ሕጉ 6 ወር ሳይጠልቅ የቆየ ሰው ከአስተማሪ ጋር ማደሻ ጠለቃ እንዲያደርግ ያዛል፤ ስለዚህ 4 ሜትር ጥልቀት ወዳለው፣ ከኮራሉ (ድንጋይ ከሚመስለው የባሕር ፍጥረት) ራቅ ወዳለ አሸዋ ይዣቸው ልወርድ ነው። የጠለቃ መዝገባቸውን ገልጠው አሳዩኝ። «ክብደት፦ 2 ኪሎ» ይላል።

«ጋሼ፣ እዚህ 9 ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የምታሰምጠው እኔን ነው ወይስ መልሕቅ?»

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ይህ ባሕረ ሰላጤ ወደ 41 ይጠጋል። ጋሼ ከነዕቃቸው 100 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛሉ እንበል። ያ 100 ሊትር የገንዳ ውኃ 100 ኪሎ ይመዝናል፣ የእኛ ባሕር ግን 103 ገደማ። ስለዚህ ገና ምንም ሳያደርጉ ባሕሩ ወደ 3 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ወደ ላይ ይገፋቸዋል። በዚያ ላይ ገንዳው ውስጥ የለበሱት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ልብስ ነበር፤ እዚህ በመጋቢት ውኃው 21 ወይም 22 ዲግሪ ስለሆነ ባለ 5 ሚሊ ሰጠናቸው፣ ያውም አዲስ። አዲስ ላስቲክ በውስጡ የታመቁት የአየር አረፋዎች ገና ስላልተጨፈለቁ ከአሮጌው ይልቅ ይንሳፈፋል። ሦስተኛው ነገር ሲሊንደሩ ነው። ጀርመን የለመዱት የብረት ነው፣ ባዶውንም ይሰምጣል። የእኛ አሉሚኒየም ሲሞላ ይሰምጥና አየሩ ሲያልቅ መንሳፈፍ ይጀምራል። በ200 ባር ግፊት የተሞላ ባለ 11 ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ብቻውን ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ጠላቂው ተንፍሶ ሲጨርሰው ያ ሁሉ ክብደት ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረ ሰው መጨረሻ ላይ እንደ ቡሽ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ጋሼ አዳመጡ፤ ከዚያ መደራደር ጀመሩ። እኔ ከ9፣ እሳቸው ከ2 ተነስተን 5 ላይ ተገናኘን። ባሕሩ ራሱ ያስተምራቸዋል ብዬ ነው፤ ቀላል ሆኖ መንሳፈፍ ለትምህርት አይከፋም።

አስተማራቸውም። እየተነፋ የሚያንሳፍፈውን የጠለቃ ጃኬታቸውን አስተነፈሱ፣ ውኃው አገጫቸው ድረስ መጣና ቆመ። እግራቸውን ሲያወናጭፉ ደግሞ ባሰ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ፊኑን (የእግር መቅዘፊያውን) ካንቀሳቀሰ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ትንፋሻቸውንም ይዘው ነበር። በደንብ የተሞላ ሳንባ ከተለመደው አተነፋፈስ 2 ወይም 3 ሊትር ብልጫ አለው፤ ያም 2 ወይም 3 ኪሎ ተንሳፋፊ ነው። «ያስወጡ፣ እስከ መጨረሻው ያስወጡ» ስላቸው «አስወጥቼ ምን ላስገባ?» አሉኝ።

«በቃ፣ 4 ኪሎ ላምጣልዎ» ብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ስመለስ ጋሼ ጠፍተዋል።

ከታች ናቸው። ዳርቻው ላይ የነበረ ሌላ እንግዳ «ድንጋይ ለቅመው ኪሳቸው ከተቱ» አለኝ። ተከትዬ ገባሁ።

አሁን የሚደንቀውን ልንገራችሁ። ኋላ ስመዝነው ድንጋዩ 6 ኪሎ ሆነ። ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ያጣል፤ እርሳስ ግን 9 በመቶ ብቻ። ስለዚህ 6 ኪሎ ድንጋይ የ4 ኪሎ እርሳስን ያህል ይሠራል። 5 ሲደመር 4፣ 9! ጋሼ ያለ ሚዛን ልኩን መትተውታል። ችግሩ ሁሉንም ቀኝ ኪስ ውስጥ መክተታቸው ነው፤ ግራው ውስጥ የማንበቢያ መነጽራቸው ነበር።

እናም በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ክብ እየሠሩ ይዋኛሉ። ለመስተካከል ጃኬታቸውን ይነፋሉ። አየር ሁልጊዜ የሚሰበሰበው ከፍ ባለው በኩል ስለሆነ በሙሉ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ግራው የበለጠ ይነሳል፣ ቀኙ የበለጠ ይወርዳል። እንደገና ይነፋሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። በውኃ ውስጥ «ችግር አለ» የሚባለው መዳፍን ዘርግቶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በማወዛወዝ ነው። ጋሼ እጅ አላስፈለጋቸውም፤ ምልክቱን በመላ ሰውነታቸው እየሰጡ ነበር።

እንዲህ ሲያጋጥም ድንጋዩን ባንዴ አውጥቶ መጣል አይገባም፤ ጃኬቱ ውስጥ አየር ያለው ሰው የ4 ኪሎ ያህል ክብደት ድንገት ከቀነሰ ወደ ላይ ይተኮሳል። በተጨመቀ አየር ለሚተነፍስ ሰው ደግሞ 4 ሜትርም ቢሆን ትንፋሽን ይዞ መውጣት ሳንባ ይጎዳል። መጀመሪያ በግራ ትከሻቸው በኩል አየሩን አስተነፈስኩ፤ ከዚያ አሸዋው ላይ አንበርክኬ ግማሹን ድንጋይ ወደ ግራ ኪስ አዛወርኩት። ቀጥ አሉ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ አሳየኋቸው፣ «እንውጣ» ማለት ነው። እሳቸውም «ጎበዝ» ያልኳቸው መስሏቸው አውራ ጣታቸውን መለሱልኝና መዋኘት ቀጠሉ። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

ላይ ድንጋዩን በ4 ኪሎ እርሳስ ተካሁት፣ በየጎኑ 2፣ 2። ዋናው ልዩነት የእርሳስ ቀበቶ በአንድ እጅ ተፈትቶ መውደቁ ነው። ዚፕ በተዘጋ ኪስ ያለ ድንጋይ በድንጋጤ ሰዓት የሚፈታ የለም።

ሁለተኛው ጠለቃ እንደ ቅባት ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው፣ ውኃ ላይ ሆነን ፈተንናቸው፦ ጃኬቱ ባዶ፣ ትንፋሹ መካከለኛ፣ እግር ሳይንቀሳቀስ። ውኃው ዓይናቸው ትክክል ቆመ፤ ትንፋሻቸውን ሲያስወጡ ቀስ ብለው ሰመጡ። ሙከራው በሙሉ ሲሊንደር ቢደረግ ኖሮ ያታልለን ነበር።

ጋሼ ድንጋዮቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ዳርቻው ሲመልሱ የተፈጥሮ ጥበቃ ዘብ ደረሰ። ከድንጋዮቹ አንዱ የሞተ ኮራል ነው፤ እዚህ የሞተውንም ማንሳት ክልክል ነው። ከየት እንዳመጡት ጠየቃቸው።

«ከዚሁ ነው ያነሳሁት ልጄ። ታች ወስጄ አስጎበኘሁትና መለስኩት።»